ናብራ ያልከፈተችው ፋይል

ናብራ ሸሪፍ መንደራችንን ኢሽኪርን አይታው አታውቅም። ግድቡ ተሠርቶ ውሃው ወደ መንደራችን መግባት ሲጀምር ገና ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች። ከዓባይ ዳር ነቅለው በጀልባና በባቡር አምጥተው ኮም ኦምቦ አጠገብ፣ አገዳ መሐል፣ እንደ ሳሙና በተደረደሩ የሲሚንቶ ቤቶች ሲያሰፍሩን እናቷ ደሂባ አቅፋት ነው የገባችው። በዚያው በመጀመሪያው በጋ ደሂባ ሞተች። ያን በጋ ብዙ ሰው ቀብረናል፤ አብዛኞቹ ግን ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ደሂባ ወጣት ነበረች። የጉድጓዱ ውሃ ነው የገደላት ያሉ አሉ፣ ናፍቆት ነው ያሉም አሉ። አባቷ ካይሮ ሄዶ የሕንፃ ዘበኛ ሆነ፤ እዚያው ሌላ አገባና ቀረ። ናብራን ያሳደገቻት የአባቷ እህት ሐጃ ሳምሃ ናት።

ሐጃ ሳምሃም ብትሆን ስለ ደሂባ የምትነግራት ብዙ አልነበራትም። እሷ በልጅነቷ አግብታ አሌክሳንድሪያ ስለኖረች የወንድሟን ሚስት ያገኘቻት ታማ ከተኛች በኋላ ነው። “እኔ የማውቀው በሽተኛ ሴት ነው” ትላት ነበር። “በሽተኛ ሁሉ ይመሳሰላል ልጄ። ምን ብዬ ልንገርሽ?”

እኔና ናብራ በአገዳ ገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነው አብረን የሠራነው። እሷ ታይፒስት፣ እኔ ስልክ ተቀባይ። ለማዳበሪያ ጉዳይ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ከመቀበሏ በፊት፣ “አባባ፣ ደሂባን ያውቋት ነበር?” ትላለች። “አላህ ይርሐማት፣ ደግ ሴት ነበረች” ይሏታል። እነሱ ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ “ደግ ነበረች” ትለኛለች፤ “ደግነት መልክ አለው እንዴ? ረጅም ነበረች? ስትስቅ አፏን ትሸፍን ነበር? ይሄን የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ?” ሠላሳዎቹን አጋምሳ እንኳ ይሄን መጠየቅ አልተወችም። አላገባችም። የጠየቋት ነበሩ፤ ሁሉንም “ቆይ እስቲ” እያለች ሸኘቻቸው። ምን እንደምትጠብቅ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤታችን ሲገባ ከሁላችንም ቀድማ የለመደችው እሷ ናት። ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ ሲገናኝ እንደ ታመመ አህያ ይጮኻል፣ እሱ እያለ ደግሞ የእኔ ስልክ አይሠራም። ያኔ ኩዌት የሚኖረው ኢንጂነር ፊክሪ፣ የኢሽኪር ልጅ ነው፣ ለተበተነው ሕዝባችን የኢሜይል መወያያ አቋቋመ። አንድ አድራሻ ነው። ለዚያ አድራሻ አንዱ ከጻፈ፣ ጄዳም ይኑር ሱዌዝ፣ ካይሮም ይኑር ለንደን፣ የተመዘገበ ሁሉ ይደርሰዋል። ፊክሪ ሥራ ስለሚበዛበት አወያይነቱን ለናብራ ሰጣት፤ ሀገር ቤት ያለ ሰው መያዝ አለበት ብሎ።

ነገሩን ለሐጃ ሳምሃ ስታስረዳት፣ “ገባኝ” አለቻት። “እንደ ድሮው ነዋ። አንዱ በር ላይ የተወራ እንጀራ ሳይበርድ መንደሩን ያዳርስ ነበር። እንዲያው ለዚህ ሽቦ ምን አስፈለገው?”

ናብራ የመጣውን ሁሉ አትማ፣ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ በሐጃ ሳምሃ ደጅ ካለው የጭቃ መደብ ላይ ለተሰበሰቡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ታነብላቸው ጀመር። ሠርግ፣ ሞት፣ የልጅ ፈተና፣ የሥራ ማስታወቂያ፤ ከሁሉ በላይ ግን ኢሽኪር። የማን ተምር የማንን ይበልጥ ነበር፣ የማን ጀልባ ሰመጠ፣ ማን የማንን ሙሽራ ሊጠልፍ መጥቶ በውሻ ተባረረ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በዚህ ይጣሉ ነበር።

አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ኡስታዝ ሐሰን ደሃብ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር አሉ። እሳቸው የኢሽኪርን ፎቶዎች ከየቤተሰቡ እያሰባሰቡ በልጃቸው ኮምፒውተር ይገለብጡ ነበር። ዋናውን በመንገደኛ እየላኩ ለባለቤቱ ይመልሳሉ፣ ቅጂውን ያስቀምጣሉ። ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ለመወያያው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ “ልጄ ናብራ፣ ከተሰበሰቡት መሐል እናትሽ ያለችበት አንድ ፎቶ አግኝቻለሁ። በመልቀቂያው ቀን፣ በመንደሩ አጠገብ የነበረውን የጥንት መቅደስ ይለኩ የነበሩት ፈረንጆች ያነሱት ነው። ሁሉንም በየመልኩ ለይቼ ስጨርስ አንድ ላይ እልክላችኋለሁ።”

ናብራ ይሄን ስታነብ አጠገቧ ነበርኩ። ከወንበሯ ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

“አሁኑኑ ይላኩልኝ በያቸው እንጂ” አልኳት።

“ሽማግሌ አይጣደፍም።”

“አንቺስ?”

“እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ። ለጥቂት ቀን ብዬ ልስገብገብ?” አለች። ግን ያን ሳምንት መስተዋት ፊት ስትቆም ሁለት ሦስቴ አየኋት። የራሷን ፊት እንደ ሰው ፊት ታየው ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የሌላ ሰው የሆነውን ለመለየት እንደሚፈልግ ሰው።

ኡስታዝ ፎቶዎቹን ሳይልኩ ሌላ መልእክት ቀደመ። ሱዌዝ በሚኖር አንድ ወንድማችን ስም የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ አጭር ርዕስ አለው፦ የጠየቅኸው ፎቶ። ከሥሩ አባሪ ፋይል ተያይዟል። መቼም ሁሉም ፎቶ እየጠበቀ ነበር፤ ማን ይጠርጥር? ከፈቱት። ናብራም ከፈተችው። ስክሪኑ ብልጭ አለና ምንም አልታየም። ደግማ ነካችው። ምንም።

ኢንተርኔቱን ዘግታ ብዙም ሳትቆይ ስልኩ ጮኸ። ፊክሪ ነበር፣ ከኩዌት።

“ናብራን አገናኚኝ፣ ቶሎ በይ” አለኝ። ሰላምታ እንኳ የለም። ለእሷ ሲናገር ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል፦ “ናብራ፣ የስልኩን ሽቦ ከኮምፒውተሩ ንቀይው። አሁን። ፎቶ አይደለም፣ ቫይረስ ነው። የከፈተው ሰው ማሽን ውስጥ ያገኘውን አድራሻ ሁሉ እየለቀመ ራሱን ይልካል። ፎቶ የሆነ ፋይል ካገኘ ደግሞ ይበላዋል።”

“ይበላዋል ማለት?”

“ስሙን ይተውና ውስጡን በራሱ ይተካዋል። ተመልሶ አይገኝም።”

ናብራ ሽቦውን ነቀለች። ከዚያ፣ “ኡስታዝ ሐሰን” አለች፤ ለፊክሪ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። አሌክሳንድሪያ ስንደውል መስመሩ ተይዟል። በማግስቱ ልጃቸው ራሷ ደወለች።

“አባዬ የተሰበሰበው ሁሉ ጠፍቷል በያቸው ብሎኛል” አለች። ለቅሶ ላይ እንዳለ ሰው ቀስ ብላ ነው የምታወራው። “ዋናዎቹን ለየባለቤቶቹ መልሷል፤ አሁን የትኛው ከማን እንደመጣ አምታቶታል። ሰው ማነጋገር አልፈልግም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።”

ናብራ የእናቷን ፎቶ አልጠየቀቻትም። ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ “በእኔ በር ነው የገባው” አለችኝ።

“አንቺ ምን አደረግሽ? ሁሉም ነው የከፈተው።”

“በሩ የእኔ ነዋ።”

ከዚያ በኋላ ፊክሪ በየቀኑ እየደወለ የመወያያውን መከላከያ አስተማራት። ታጋሽ ሰው ነው፤ ያልገባትን አምስቴ ይደግምላታል። ከአባላት ውጪ ማንም እንዳይልክ አደረጉ። አባልም ቢሆን የላከው መጀመሪያ እሷ ጋ ይቆምና አይታ ታሳልፈዋለች፤ የሰው ስም ሰርቆ የሚመጣ ስላለ። አባሪ ፋይል የሚባል ግን ጨርሶ ተከለከለ። መልእክቱ ሲያልፍ ፎቶም ይሁን ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፣ ለአባላት የሚደርሰው ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቫይረስ በጽሑፍ ውስጥ የሚደበቅበት የለውም፣ አላት ፊክሪ። “ለአንቺ ብቻ ክፍት ልተውልሽ እችላለሁ፤ ድንገት ፎቶው ከተገኘ” ብሏት ነበር። “ለሁሉ ከተዘጋ ለእኔም ይዘጋ። እኔስ አልከፈትኩትም እንዴ?” አለችው።

ደንቡን ጽፋ ስታሳውቅ ሰዉ ወረደባት። “አንደኛው ግድብ ቤታችንን ወሰደ፣ ናብራ ሁለተኛውን ሠርታ ፎቷችንን ወሰደችው” ብሎ የጻፈ አለ። ሌላው፣ “ደብዳቤ ብቻ ከሆነማ ፖስታ ቤቱ ምን አጠፋ?” አለ። ካይሮ ያለ አንድ ነጋዴ፣ “ይቺ ልጅ ባል ስታጣ በር መዝጋት ያዘች” ብሎ ላከ። እሱንም አሳለፈችው፤ ስድብ እንጂ ቫይረስ የለውም ብላ። ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ግን ያንን አላነበበችም። ሐጃ ሳምሃ ከየት እንደሰማችው አላውቅም፤ “የነጋዴውን አባት አውቀዋለሁ” አለች። “ጀልባው ላይ ሲሳፈር ፍየሎቹን አስቀድሞ ሚስቱን ረስቶ ነበር አሉ። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት።” ናብራ አልጻፈችም፤ መደቡ ግን በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ ነው ሚርጋኒ ኑሪ የመጣው። ሚርጋኒ በጄዳ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ የኢሽኪር ልጅ ነው፤ በመልቀቂያው ዓመት አሥር ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። በመወያያው ላይ ብዙም አይናገር ነበር። አሁን እንዲህ ጻፈ፦

“እህቴ ናብራ፣ ያንን ፎቶ አይቼዋለሁ። ባለፈው እረፍቴ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ኡስታዝ ሐሰን አሳይተውኛል። መላክ ስላልተቻለ በቃል ልንገርሽ። እናትሽ በራችሁ ላይ ቆማለች። በሩ ከላዩ ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩ ሳህኖች አሉት፤ አንዱ ሰማያዊ ዓሣ የተሳለበት ነው፣ ጠርዙ ተሰብሯል። እሷ ረጅም አይደለችም። ቀጭን ናት። ጥቁር ቀሚሷ ከኋላ መሬት ይጎትታል፣ ከፊት ግን ወደ ቀበቶዋ ሰብስባ ሸጉጣዋለች። እጇ ላይ መጥረጊያ አለ። ወደ ፀሐይ ስለምታይ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። በግራ ጉንጯ አጥንቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች።”

ናብራ ይሄን ለእኔ ስታነብ “ነጥብ” ላይ ስትደርስ አቆመች። እሷም እዚያው ቦታ ላይ አላት።

ያን ቀን መደቡ ላይ ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ እንድታነበው የጠየቋት ግን አሮጊቶቹ ናቸው። “መጥረጊያ?” አለች አንዷ። “መንደሩ ሊሰምጥ መጥረጊያ ይዛ?” “እኛስ አልጠረግንም እንዴ?” አለች ሌላዋ። “እኔ ግድግዳውን ስሜ፣ ቁልፉን ይዤ ነው የወጣሁት።”

ሰው እንደሆነ እያየ ይማራል። ሚርጋኒ ከጻፈ በኋላ ሌሎችም ቤታቸውን በቃል መጻፍ ጀመሩ። የለንደኗ ሴት በአያቷ በር ላይ የተሰቀለውን የአዞ ራስ፤ የሱዌዙ ወንድማችን፣ ያ ስሙ የተሰረቀበት፣ የአባቱን መቀመጫ ድንጋይ፤ ያ ነጋዴ እንኳ የፍየሎቹን በረት። ፎቶ ሲላክ “ማሻአላህ” ብሎ የሚያልፍ ሁሉ አሁን እየተሟገተ ይጽፋል። ናብራ ደግሞ ለሚርጋኒ በግል ትጽፍለታለች፣ እሱም ይመልሳል። ቀሚሷ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ? ፀጉሯ ይታያል? ከኋላዋ በሩ ክፍት ነው? ስትጠይቅ ስትጠይቅ ወራት አለፉ። ጠዋት ገብታ ኮምፒውተሩ ያንን ጩኸቱን ሲጮኽ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

“የምትጠይቂው ስለ እናትሽ ነው ስለ ሰውየው?” አልኳት አንድ ቀን።

“ስልክሽን አንሺ፣ እየጮኸ ነው” አለችኝ። አልጮኸም ነበር።

በአንዱ መልእክቱ ሚርጋኒ ይሄን ጨመረ፦ “እናቴ በዚያ ስታልፍ ‘ደሂባ፣ ለውሃ ነው የምትጠርጊው?’ አለቻት። እናትሽም፣ ‘እንግዳ ነዋ የሚመጣው፣ ቆሻሻ ቤት እንዳያገኝ’ አለች።” መደቡ ላይ ሲነበብ ሰዎቹ በአፋቸው ላይ እጃቸውን ጫኑ። ናብራ አለቀሰች፤ እንደ ደስታም እንደ ሌላም። ሐጃ ሳምሃ ብቻ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወረቀቱን ታየው ነበር፣ ማንበብ የምትችል ይመስል።

ያ ነገር የመጣው በክረምት ነው። ናብራ ጠዋት የቆሙትን መልእክቶች ስታይ ኡስታዝ ሐሰን ስም ላይ ደረሰች። ከዚያ አደጋ ወዲህ አንድ ቃል ጽፈው አያውቁም። ርዕሱ አንድ ቃል ነው፦ ደሂባ። ጽሑፍ የለውም። አባሪ ፋይል አለው፤ የፋይሉም ስም ደሂባ ይላል።

ጠራችኝ። አብረን አየነው።

“አግኝተውት ይሆናል” አልኩ። “ከባለቤቱ አስመልሰው።”

“አንድ ቃል ሳይጽፉ?”

“ቅር ብሏቸው ይሆናላ።”

ጣቷ አዝራሩ ላይ ነበር። አባሪው የሚቆረጠው መልእክቱ ሲያልፍ ነው፤ እሷ ጋ ቆሞ እያለ ከፈለገች ትከፍተዋለች፣ ለሌላ ሰው ሳይደርስ። ማን ያያታል? እኔ ብቻ። አሌክሳንድሪያ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ከሰዓት ደወልኩ፣ የለም። ፊክሪ መልሱን በኢሜይል ላከ፦ “የሰው አሮጌ መልእክት ውስጥ ገብቶ ርዕስ የሚሰርቅ አዲስ ዓይነት አለ። ነው አልልሽም፣ አይደለም አልልሽም። ላኪውን በአፍ ሳትጠይቂ አትንኪው።”

ለሐጃ ሳምሃ ስትነግራት አክስቷ ምንም አልመከረችም። “ይሄን እኔ አላውቅም” አለች። “እኔ ብሆን በከፈትኩት ነበር። ግን እኔን በር ላይ ማን አቆመኝ?”

ኡስታዝ በመጨረሻ ስልኩን ያነሱት ዘመድ ቤት ከርመው ሲመለሱ ነው። ናብራ መቀበያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ “ኡስታዝ፣ በእርስዎ ስም ፋይል መጥቶልኛል። እርስዎ ነዎት የላኩት?” አለቻቸው።

“እኔ? እኔ ያንን ማሽን ከዚያ ወዲህ በጨርቅ ሸፍኜው ነው ያለሁት፤ ሲያሻት የምትከፍተው ልጄ ናት። ምን ይላል?”

“ምንም አይልም” አለች። ከዚያ፣ “ሚርጋኒ ግን ጥሩ አድርጎ ነግሮኛል። እርስዎ ያሳዩትን ፎቶ።”

“የትኛው ሚርጋኒ?”

“የኑሪ ልጅ። ጄዳ ያለው።”

“የኑሪን ልጅ ካየሁት ስንት ዘመኑ” አሉ ሽማግሌው። “ፎቶውን ከቤተሰቤ ሌላ ለማንም አላሳየሁም ልጄ።”

ናብራ አመስግና ዘጋች። ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። የእናቷ ስም የተጻፈበትን ፋይል መረጠችና አጠፋችው። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ ጥቂት ቆየች። ከዚያ አዎ አለችው። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ለሚርጋኒ መጻፍ አቆመች። እሱ ለምን ብሎ ጻፈ፣ ደግሞ ጻፈ፣ በኋላ ዝም አለ። ለዒድ እረፍት ሲመጣ ከባቡር ጣቢያው ሻንጣውን እንደያዘ ቀጥታ መደቡ ላይ መጣ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ እጁ በዘይት የተቃጠለ ሰው ነው። ሐጃ ሳምሃን እጇን ስሞ ተቀመጠ። ናብራ ከበሩ ወዲህ አልወጣችም።

“ፎቶ አይተህ አታውቅም” አለችው ከደፉ ላይ ሆና።

“አላየሁም” አለ።

“ሁለት መቶ ሰው ሐሰተኛ መልእክት እንዳይገባበት በር ስጠብቅ፣ አንተን በእጄ አስገባሁህ።”

“ሐሰቱ ‘ፎቶ’ ያልኩት ብቻ ነው። የቀረውን አይቻለሁ፤ እሷን ነው ያየኋት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ የእናቴን ቀሚስ ይዤ። የአሥር ዓመት ልጅ ትዝታ ነው ብል ማን ይቀበለኛል? ኡስታዝም አዝነው ነበር፣ አንቺም። ፎቶ ካልኩት ታምኚኛለሽ ብዬ ነው።”

“እኔ ካወቅሁት ቆይቷል” አለች ሐጃ ሳምሃ።

ናብራ ዞረችባት። “ምኑን?”

“ደሂባ ስለ መጥረጊያው ያወራች ጊዜ። ፎቶ መቼ ያወራል? ‘ለውሃ ነው የምትጠርጊው’ ያለችውን ወረቀት ሰማው እንዴ?”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ደስ ብሎሽ ነበራ” አለች አሮጊቷ። “ደስ ብሎሽ አይቼ ስለማላውቅ ነው።”

ናብራ ገብታ በሩን ዘጋች። ሚርጋኒ እረፍቱን ሙሉ በየቀኑ መደቡ ላይ መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ፤ አንድ ቀንም ባቄላ ቀቅሎ አበላቸው። እሷ አልወጣችም። ጄዳ ሲመለስ ግን ለመወያያው ጻፈ፤ ፎቶ እንዳላየ፣ ያየው ደሂባን በዓይኑ እንደሆነ፣ ለዋሸው ይቅርታ እንደሚጠይቅ። መልእክቱ እንደ ደንቡ ናብራ ጋ ቆመ። በየጠዋቱ ስታየው አይቻለሁ። ሳታሳልፈው ቆየች። አንድ ቀን ከሶላት ስትመለስ አሳለፈችው።

ከዚያ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ለካ ሰዉ ስለ ደሂባ ዝም ያለው፣ ፎቶውን ያየ ሰው ካለ እኛ ምን እንጨምራለን ብሎ ነው። አሁን ሱዌዝ ያለች ሩቀያ የምትባል ሴት በልጇ እጅ አጻፈች፦ “የዚያን ዓመት ሕፃን ነበርኩ። እናቴ ጡቷ ደርቆ ደሂባ ከልጇ ጋር አጥብታኛለች ብላ ነገረችኝ። ያቺ ልጅ አንቺ ከሆንሽ እኔ የጡት እህትሽ ነኝ።” ኡስታዝ ሐሰንም ከኮምፒውተሩ ላይ ጨርቁን አነሱ። የጻፉት አጭር ነው፦ “ልጄ፣ ልነግርሽ ፈርቼ ነው የቆየሁት። በዚያ ፎቶ ላይ የእናትሽ ፊት አይታይም ነበር። ሲያነሷት ዞራለች። የሚታየው ጀርባዋና የበሩ ሳህኖች ናቸው። እኔም ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሚርጋኒ የጻፈውን ልጄ በኋላ ስታነብልኝ ነው።”

ናብራ ይሄን መደቡ ላይ አላነበበችም፤ እኔ አነበብኩላቸው። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። ሲያልቅ፣ “ለሚርጋኒ ምን ብዬ ልጻፍለት?” አለችኝ በጆሮዬ።

“ባቄላው ጨው አንሶት ነበር በይው” አለች ሐጃ ሳምሃ፤ ጆሮዋ ያኔም ደህና ነበር።

ሚርጋኒ ሥራውን ትቶ ሲመለስ ተጋቡ። ሐጃ ሳምሃ በሠርጉ ቀን፣ “ወጥ የሚሠራ ባል አገኘሽ፤ ከዚህ በላይ ጌታን አታስቸግሪው” ብላ መረቀቻት። የዚያን ዓመት ሩቀያ በባቡር መጣች፣ ወፍራምና ሳቂታ ሴት፤ ናብራና እሷ ሲተቃቀፉ ማን ማን እንደሆነ ሳይጠያየቁ ነው። መወያያው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ልጆቻችን ፎቶ እንደልብ ወደሚለጠፍበት ወደ ሌላው ሄዱ። ናብራ ግን አሁንም በየጠዋቱ የቆመ መልእክት ካለ ታያለች። የእናቷ ፎቶ አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት፣ ሐጃ ሳምሃን ከቀበርን በኋላ፣ የተወሰንን ሰዎች ከግድቡ ወዲያ የዓሣ ጀልባ ተከራይተን በሐይቁ ላይ ወጣን። ብዙ ሄድን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ “እዚህ ነው” አለ፤ ሌላው “አልፈነዋል” አለ፤ ሦስተኛው “ገና ነን” አለ። ባለጀልባው የዚያ አገር ሰው ነው፣ ኢሽኪር የሚባል ሰምቶ አያውቅም። “እናንተ ስትስማሙ ንገሩኝ፤ እኔ ናፍጣዬ እየነደደ ነው” አለን።

ናብራ ሚርጋኒን፣ “የእኛ በር ወዴት ነበር የሚያየው?” አለችው።

“ወደ ወንዙ።”

“ወንዙስ በየት በኩል ነበር?”

ሚርጋኒ ዙሪያውን ቃኘ። በአራቱም ማዕዘን ውሃ ነው። ወዲህ ጠቆመ፣ ተወው፤ ወዲያ ጠቆመ። ናብራ የዘረጋውን እጅ ይዛ ወደ ታች መለሰችው።

“ይሁን” አለች። “ትንሽ እንቆይ በለው ሰውየውን።”

ሰውየው ሞተሩን አጠፋው።